የምድጃው ጉርሻ

በሐምሌ ዕረፍት ሦስት የደብረ ታቦር መምህራን ወንዛዬ ፍል ውሃ ታጥበው ሲያበቁ፣ ከድሬዳዋ በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቶ እዚያው አጠገብ ለጎብኚ የቆመውን አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ሊያዩ ሄዱ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ነጂው ክፍል ገብተው ስንቃቸውን ከባቡሩ ምድጃ አፍ ፊት ፈቱ። ምድጃው እሳት ካየ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

አብረዋቸው የተጠለሉት የባቡሩ ሽማግሌ ጠባቂ አቶ ትእዛዝ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሰው ማሳቅ የሚወደው መምህር ቢያድግልኝ ከስንቁ ዶሮ በእንጀራ ጠቅልሎ ተነሣ።

«አባባ፣ በሞቴ! አንዲት ብቻ!»

አቶ ትእዛዝ አፋቸውን ከፈቱ። ቢያድግልኝ እጁን ከከንፈራቸው መለሰና ጉርሻውን ምድጃው ውስጥ ወረወረው። ጓደኞቹ በሳቅ ፍርስ አሉ።

ሽማግሌው አፋቸውን ቀስ ብለው ገጠሙ። «የጎረሰ ማጉረሱ አይቀርም፣ ልጄ» አሉና ወደ ዝናቡ ወረዱ።

ሳቁ ሲበርድ ከምድጃው ውስጥ የማላመጥ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ብረት ብረትን ፋቀ። ፍም የሞላ አካፋ ከጨለማው ቀስ ብሎ ወጣ፤ እስከ ቢያድግልኝ ከንፈር መጣና ቆመ።

«በሞቴ» አለው ከምድጃው ውስጥ፣ የገዛ ራሱ ድምፅ። «አንዲት ብቻ።»