ከመጀመሪያው ገጽ የተነሣው ስም

የላንቴ ሙዝ አምራቾች ስብሰባውን በጸሎት ለመክፈት ሲነሡ፣ የመስኖ ተራ የሚያወጣላቸውን ፕሮግራም ልታሳያቸው የመጣችው ትሁትም ተነሣች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። አሁን ስልኳ ላይ የደረሰውን መልእክት ደግማ ታነባለች።

«እኅቴ፣ የጻፍኩትን ፕሮግራም ማንም በነጻ ይጠቀምበት ብያለሁ። የጨመርኩበት ግዴታ አንድ ነው፤ ስሜ ከመጀመሪያው ገጽ አይነሣ። ለአሠሪሽ ከጻፍኩላቸው ዛሬ ሠላሳ ቀን ሞላ። ስሜን እስከ ማታ ካልመለሳችሁት ፈቃዱ ይቋረጣል፤ እከሳለሁም። ያነሣሽው አንቺ መሆንሽን መዝገቡ ይናገራል። ቦንቱ ገለታ።»

ውሸት የለበትም። በፕሮግራሙ የለውጥ መዝገብ ላይ፣ «ስም ተሰርዟል» ከሚለው ጎን የሰፈረው የትሁት ስም ነው። «አጥፊው ባክሽ! አርባ ምንጭ ድረስ መጥቶ ማን ያያል?» ያሏት አሠሪዋ አቶ ላቀው በመዝገቡ የትም የሉም። ደብዳቤ እንደደረሳቸውም አልነገሯትም። አሁን ከጎኗ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «አሜን» ይላሉ። ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ የቀጠሯት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጸሎቱ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ ዞረ። ትሁት ቀስ ብላ ተቀመጠችና ላፕቶፑን ከፈተች። የቁልፎቹ ድምፅ አዳራሹን የሚያናጋ መሰላት። አንዴ አቶ ላቀው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እጇ በአየር ላይ ቀረ። ሰውየው ዓይናቸውን አልገለጡም። የሰረዘችውን መስመር መለሰች።

«በኢየሱስ ስም!» አለ ጸሎቱን የሚመራው ሰው። የፕሮጀክተሩን ገመድ ሰካች።

ሁሉም ቀና ሲል ግድግዳው ላይ «መጀመሪያ የጻፈችው፦ ቦንቱ ገለታ» የሚል ጽሑፍ ቦግ አለ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?» አሉ አቶ ላቀው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ከፊት ወንበር ወይዘሮ ልክነሽ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ቦንቱ ማናት?»

ትሁት ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ፕሮግራሙን የሠራችው እሷ ናት፣ እማማ። እኔ የእናንተን የመስኖ ተራ ነው የጨመርኩበት።»

አቶ ላቀው ለሕዝቡ ፈገግ እንዳሉ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ከነገ ጀምሮ ቢሮ እንዳላይሽ።»

«ጎበዝ ናት፤ ትባረክ» አሉ ልክነሽ። «እና የኔ ማሳ መቼ ነው የሚጠጣው?»

ትሁት ስማቸውን ልትጽፍ ሞከረች። ጣቷ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ግድግዳው ላይ «ልክነሽ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» የሚል መስመር ወጣ፤ ሴትዮዋም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቀስ ብለው አነበቡት።