የክዳኑ መተንፈሻ

ባሏ ለዘጠነኛ ጊዜ ገመዱን ሲስበው አሮጌው ሞተር አንዴ አስሎ ዝም አለ። ወንዙ ጀልባዋን ወደ አለቱ ይነዳት ነበር። «አይዞሽ» አላት። ከጀሪካኑ ቤንዚን የሚስበውን የላስቲክ ኳስ ብትጨምቀው እንደ ደረቀ ጡት ተጨማዶ ቀረ። ያኔ ጠዋት በገዛ እጇ ያደረገችው ትዝ አላትና ክው አለች። ተንበርክካ የጀሪካኑን ክዳን አየር ማስገቢያ መተንፈሻ ፈታችው። ጀሪካኑ እፎይ አለ፤ ላስቲኩ ሞላ፤ ባሏ ገመዱን ዳግም ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። አለቱን በክንድ ርቀት አለፉት።

«ማን ነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ። ሽታው ሲያጥወለውለኝ ጊዜ።»

«የቤንዚን ሽታ እንደ ሽቶ ትወጂው አልነበር እንዴ?»

«ነበር። አሁን ግን አርግዣለሁ፤ ሁለት ወር ሆነኝ።»

አለቱ ፊት ያልፈራው ባሏ፣ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ጀልባዋን ቀስ አድርጎ ወደ ዳር ነዳት።