የማይዋዥቀው ሰንጠረዥ

የውጭ ፈታኙ የውባለምን የማስተርስ ጽሑፍ ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ ገልጦ፣ የቆሸሸ ጨርቅ እንደሚያነሳ ሰው በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገው።

“የእርሳስ ብረት አቶሞች አስኳሎች ሲጋጩ የሚፈናጠሩት ቅንጣቶች ብዛት ከግጭት ግጭት ይለያያል። እዚህ ግን የሺህ ግጭት ውጤት ተደርድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ቁጭ ብለሽ የፈጠርሻቸው ቁጥሮች ናቸው። አቅለሸለሸኝ። በዚህ አላሳልፍሽም።”

ከኋላ የተቀመጡት እናቷ ይዘውት የመጡትን አበባ ጭናቸው ላይ አስተኙት።

“እኔንም አስጠልቶኛል፣ ዶክተር” አለች ውባለም። “የራሴ ልኬት ቀጣዩ ገጽ ላይ ነው፤ እንዳሉት ይዋዥቃል። ይሄኛውን ለማነጻጸር ነው ያስገባሁት። ምንጩን ከሥሩ ጽፌዋለሁ።”

ፈታኙ ወደ ግርጌው አጎነበሰ። የራሱ ስምና የዶክትሬት ጽሑፉ ርዕስ ተጽፏል።