ሙሽራዋ ቤት ረስታው የወጣችው ወረቀት

«ወረቀቱስ?» አለች ሾናግ።

ሾናግ አጋቢዋ ናት። ኢሽቤልንና ሩሪን ተራራው ጫፍ ላይ ለማጋባት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጥታ፣ ጉልበቷን ይዛ እያለከለከች ቆማለች።

ኢሽቤል ከቦርሳዋ ቡናማውን ፖስታ አውጥታ ፈገግ እያለች ሰጠቻት።

ሾናግ ከፈተችው... አነበበችው... ቀና ብላ ሙሽሪትን አየቻት።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ የአርባ ሁለት በጎች ማጓጓዣ ፈቃድ ነው!»

ሙሽራው ሩሪ ሳቀ። ሁለቱ ምስክሮችም ሳቁ።

ኢሽቤል ግን ክው ብላ ቀረች።

ትክክለኛው ፖስታ የት እንዳለ ወዲያው ነው የገባት። አባቷ ቤት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከበጎቹ ወረቀቶች ጋር!

አባቷ ደግሞ ስለ ሰርጉ የሚያውቀው ነገር የለም። ጠዋት «ከተማ ወርጄ ጫማ ልገዛ ነው» ብላው ነው የወጣችው። ነጩ ቀሚስ በካፖርት ተሸፍኖ...

«ዝም ብለሽ አጋቢን በቃ፣ ወረቀቱን ማታ እናመጣልሻለን» አለ ሩሪ።

«አንተ ልጅ፣ ልታሳስረኝ ነው? ወረቀቱ እጄ ካልገባ አንዲት ቃል አልናገርም። ሕግ ነው!»

ሕግ ነው። በስኮትላንድ ያለዚያ የጋብቻ ፈቃድ ወረቀት ጋብቻ የለም።

ኢሽቤልን ያስፈራት ግን ሕጉ አልነበረም።

አባቷ ቶርኪል ሲቆጣ ጎረቤት በሩን የሚዘጋለት ሰው ነው። ሩሪ እንግዶችን እየመራ ተራራ የሚያስወጣ መሆኑን የሰማ ቀን ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ፣ «ተራራ ለተራራ የሚዞር ወንድ ባል አይሆንሽም፣ መርዶ ነው የሚሆንሽ! እኔ በቁሜ እያለሁ አይሞከርም!» ብሏት ነበር።

ለዚህ ነው ተደብቀው የመጡት።

አሁን ያን ፖስታ ከፍቶት ከሆነስ? ስማቸው፣ ቀኑ፣ ቦታው ሳይቀር ተጽፎበታል...

እሳት ውስጥ ከጨመረው አለቀ። ዛሬ አይጋቡም። ከዛሬ በኋላ ደግሞ አባቷ ከዓይኑ አያርቃትም።

«ሮጬ ላምጣው» አለ ሩሪ።

ግን ጉሙ ወረደ። እንዲህ በአንዴ... አምስት እርምጃ የማያሳይ ጉም። ነፋሱ የሾናግን ባርኔጣ ነጥቆ ወሰደው።

«ማንም ከዚህ አይነቃነቅም!» አለ ሩሪ። ሳቁ ጠፍቷል።



ከዚያ... የውሻ ጩኸት ከታች ተሰማ።

ኢሽቤል ያን ጩኸት ታውቀዋለች። የአባቷ ውሻ ናት!

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

«መጣ... ሩሪ፣ መጣብን!»

«ኢሽቤል!» የሚል ድምፅ ጉሙን ሰንጥቆ መጣ። «ኢሽቤል!»

ቆሌዋ ተገፈፈ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሌላ እርምጃ... ሌላም...

«ቁሚ! ባለሽበት ቁሚ ብያለሁ!» አለ የአባቷ ድምፅ፣ አሁን ከቅርብ።

እሷ እቴ! የበለጠ ሸሸች።

ያኔ ተረከዟ የነካው ድንጋይ ተንከባለለ። መሬት ሲደርስ እሰማለሁ ብላ ጠበቀች... አልሰማችም።

ከኋላዋ መሬት አልነበረም።

እግሯ ከዳት። 

አንድ ወፍራም እጅ ክንዷን ጨምድዶ ወደ ፊት ሳባት። ሁለቱም ሣሩ ላይ ወደቁ።

አባቷ ነው።

ዱላውን ጠበቀች። ስድቡን ጠበቀች። ሰውዬው ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ያ የሚፈራው ቶርኪል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ፣ ጥርሱ እየተፋጨ!

«አባዬ?...»

«አጎትሽ እዚህ ነው የሞተው።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ከእጄ እንዳመለጠ ግን አታውቂም። ከዚህ እጄ... እንዲህ ባለ ጉም። አንቺ ገና ዳዴ ትይ ነበር።»

ኢሽቤል ደነገጠች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አባቷ ከበጎቹ አጥር በላይ አንድ እርምጃ ወጥቶ አያውቅም። ሁሌ ውሻዋን ነው የሚልከው። እሷ እርጅና ይመስላት ነበር... ስንፍና ይመስላት ነበር...

ቶርኪል ሹራቡ ውስጥ እጁን ከትቶ ቡናማውን ፖስታ አወጣ። በላብ ርሷል።

«እሳቱ አጠገብ ነበርኩ» አለ። «ምድጃውን ከፍቼ ይዤው ቆምኩ። ከዚያ ቦታውን አነበብኩት... ሰማዩንም አየሁት። ጉም ሊወርድ እንደሆነ አወቅኩ። እንዴት ልቀመጥ?»

ኢሽቤል አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ሾናግ ወረቀቱን ተቀብላ ደጋግማ አገላበጠችው። «እንግዲህ ይሄኛው የሰው ነው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

እዚያው ጉም ውስጥ ተጋቡ። ቶርኪል ሥነ ሥርዓቱን በሙሉ የኢሽቤልን ቀሚስ ጫፍ ጨምድዶ ይዞ ነው የቆመው።

መውረጃው ሰዓት ደረሰ። ሁሉም ተነሱ። ቶርኪል ብቻ አልተነሳም።

 ሲወጣ ልጁን ብቻ ነበር የሚያስበው፤ መውረዱ ሲመጣ ግን ገደሉ ታየው።

ሩሪ መጥቶ ፊቱ በርከክ አለ። 

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው።

«መንገዱን በደንብ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ አባባ።»

«እንግዲያው...» አለ ቶርኪል፣ ያን ወንድሙ ያመለጠበትን እጁን እየዘረጋ፣ «አጥብቀህ ያዘኝ፣ ልጄ።»

...

ወዳጆቼ፣ ቁጣ ብለን የምንሸሸው ነገር ስንት ጊዜ ፍርሃት ሆኖ ተገኘ! የሚጮህብን ሁሉ ጠላታችን አይደለም። አንዳንዱ እኛን እንዳያጣ ነው የሚጮኸው፤ ክፋቱ ግን «ፈራሁልሽ» ማለት አያውቅበትም።

እናንተ በኢሽቤል ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ድምፅ ስትሰሙ ትቆሙ ነበር ወይስ ትሸሹ ነበር? በቁጣው የሸሻችሁት፣ በኋላ ግን እየፈራላችሁ እንደነበር የገባችሁ ሰውስ ማን ነው? ስሙን ከታች ጻፉት... በሕይወት ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉለት።