አስራ ሁለተኛው ነጥብ

ዶክተር ኩሬባያሺ የዛለ ዓይኑን አሽቶ እንደገና ቆጠረ፤ አስራ ሁለት። በጨጓራ ማያው ቱቦ ውስጥ ምስሉን የሚያመጣ የመስታወት ክር በተበጠሰ ቁጥር በሚታየው ላይ ጥቁር ነጥብ ይጨመራል፤ እስከ ጠዋት ግን አስራ አንድ ነበሩ። ቱቦውን ቀስ ብሎ አዞረው። የድሮዎቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም፤ አዲሱ ግን ከጨጓራው ሥጋ ጋር ሸሸ።

የዛሬዋ ሃያኛ በሽተኛ ይህንኑ ቱቦ ዘጠኝ ዓመት ያጠበችው ሲስተር ሺዙ ነበረች። እንዲህ ያለ ክፉ በሽታ ደግሞ በአገሩ ልማድ ለባል እንጂ ለበሽተኛ አይነገርም።

«ምን አዩ ዶክተር?» አለች፣ ቱቦው ሲወጣላት አፏን እየጠረገች።

«ምንም። ነክሰሽ አንድ ክር በጠስሽብኝ፤ አስራ ሁለት ሞሉ።»

ሳቅ አለች። እንደ ልማዷ ልታጥበው ቱቦውን ተቀብላ፣ ጫፉን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችበት።

«አስራ አንድ» አለች። «ለባሌ እኔው እነግረዋለሁ። እርስዎ ደክሞዎታል።»