የጄቱ ጥሪ

አባትየው ሟች ልጁ ኪሩቤል በሠራው፣ በሪሞት በሚበር ትንሽ ጄት ላይ ባትሪ በሰካ ቁጥር የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ «ጢጥ… ጢጥ…» እያለ ሪሞቱን ይጣራል፤ እናቱ እንደጠፋችበት ጥጃ። ሪሞቱ ግን ከኪሩቤል ጋር ተቀብሯል። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ብቻዋን የተሰናበተችው እናቱ «እጁ ውስጥ አድርጌለታለሁ» ብላለች።

ልጁ ሊሞት ሰሞን «ሞተሩ ጉልበቱን እየሰጠኝ አይደለም፤ መቆጣጠሪያውን እንደገና ላስተካክለው» ይል ነበር። አባትየው ይህቺን ጅምር ሊጨርስለት አዲስ ሪሞት ገዛ። አሠራሩን እሱም ሚስቱም ከልጁ አይተዋል፤ የሪሞቱን ዘንግ እስከ ላይ ገፍቶ ባትሪውን መሰካት፣ መቆጣጠሪያው ሁለቴ ሲጮህ ዘንጉን ወደ ታች መመለስ። ያኔ መቆጣጠሪያው አንድ ረጅም ድምፅ ያሰማል፤ ሞተሩም የኃይሉን ጫፍ ያውቃል።

አዲሱን ሪሞት ከካርቶኑ ከማውጣቱ በፊት፣ ያንን ጥሪ ለመጨረሻ ጊዜ ልስማው ብሎ ባትሪውን ሰካ።

ጄቱ አልተጣራም። ሁለቴ ጮኸ። ቀጥሎ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማ። የሆነ እጅ ዘንጉን ከላይ ወደ ታች መልሶታል። ወዲያው ያው እጅ ዘንጉን መልሶ ወደ ላይ የገፋው ይመስል፣ ሞተሩ ልጁ በሕይወት ሳለ አሰምቶት በማያውቅ ጉልበት አገሳ።

«በስመ አብ!» ብሎ ባትሪውን ነቀለና የኪሩቤልን ክፍል በር ገፋ። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አሮጌውን ሪሞት በሁለት እጇ ይዛለች።

«እንዲያ ሲጣራ እየሰማሁ፣ የሚመልስለት ይጣ?» አለችው።