የእሑዱ አውሮፕላን

የመስኖው ግድብ ዳር፣ ሳሊህ ትንሹን የእንጨት አውሮፕላን በሁለት ጣቶቹ ከክንፉ ሥር ደግፎ ከፍ ሲያደርገው ጭራው ወደ ታች አዘቀዘቀ። ባትሪውን ጥቂት ወደ ፊት ገፋ አድርጎ እንደገና ሞከረ። አሁንም ጭራው ከበደ።

«አዲሱ ሞተር ከነዳጁ ሞተር ይቀላል፣ እትዬ ስርጉት» አላት። «ባትሪው አፍንጫው ድረስ ካልገባ ሚዛኑ አይገኝም። ይህቺን ግድግዳ መቁረጥ አለብኝ።»

ግድግዳ ብሎ የጠራት ድሮ የነዳጁ ጋን ያርፍባት የነበረች፣ መዳፍ የማታህል ስስ እንጨት ናት። በእርሳስ ቁጥርና ቀስት ተጽፎባታል፤ የስርጉት ባል የሣህለ ማርያም እጅ ነው። ሳሊህ ሞጣ ላይ ሬዲዮና የፀሐይ ፓምፕ ሲጠግን ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የሌላ ሰው ሥራ ሳያስፈቅድ አይቆርጥም። ምላጩን ይዞ ጠበቀ።

ሣህለ ማርያም የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ደብረ ዘይት ሳሉ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ይህን በገዛ እጁ የሠራውን አውሮፕላን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የሚመለሰው ሲመሽ ነው፤ ልብሱ ከነዳጁ ጋር የሚደባለቀው የጉሎ ዘይትና ጭስ እየሸተተ። «ነይ አብረን እንሂድ» ሲላት «ከአሻንጉሊትህ ጋር ኑር» ትለው ነበር። አንድም ቀን አልሄደች። ጡረታ ወጥተው ቢቸና ሲገቡ በአቅራቢያቸው ሐይቅ የለም፣ ነዳጁም አይገኝም፤ አውሮፕላኑ ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሣህለ ማርያም ባለፈው ጥቅምት ዐረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ አቧራውን ልትጠርግለት ስታወርደው፣ ሲበር አይታው እንደማታውቅ ትዝ አላት። የነዳጁን ሞተር በባትሪ ሞተር እንዲለውጥላት ሞጣ ድረስ ወስዳ ለሳሊህ ሰጠችው።

«ከወደቀ ግን አይሰበሰብም» አለ ሳሊህ።

«ቁረጣት።»

ቆረጣት። ስባሪውን ሣሩ ላይ አራገፈ፤ እሷም አላነሳችውም። ባትሪው ገባ፣ ጭራው ቀና አለ። ሳሊህ ሱሪውን ሰብስቦ ለመስኖ ወደተገደበው ውሃ እስከ ጉልበቱ ገባና አውሮፕላኑን በጎማ ፋንታ በተገጠሙለት ሁለት ተንሳፋፊዎች ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወጥቶ ሪሞቱን አነሳ።

ስርጉት ያን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ጠብቃ ነበር፤ ሣህለ ማርያም ጓሮ ሲሞክረው ጎረቤት ያማረረበትን። የሰማችው ግን ቀጭን ጥዝታ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ውሃውን በነጭ መስመር እየሰነጠቀ ሮጠ፣ አንዴ ነጠረ፣ ከዚያ ከሥሩ ውሃ እያንጠባጠበ ተነሳ። ማዶ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ቀና አለ። ሰማይ ላይ የሚጮኽ ነገር ሰው ያስደነግጣልና፣ ሳሊህ ጠዋት ዞሮ ለአካባቢው ሁሉ ነግሮ ነበር፤ ገበሬው ዶማውን ተደግፎ ተመለከተ። ሳሊህ በስልኩ ጨዋታ ማብረር ሲለማመድ ከርሟል፤ በእውኑ ሲያበርር ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

አውሮፕላኑ ከባሕር ዛፎቹ በላይ እየዞረ ቆየ። ከዚያ ጥዝታው ሳሳ። ዝቅ ብሎ ውሃው መካከል አረፈና ፕሮፔለሩ ቆመ።

«አለቀ?» አለች ስርጉት።

«ባትሪው አለቀ። ስድስት ደቂቃ በሯል፤ ለመጀመሪያው ደኅና ነው።»

«በነዳጁ ጊዜስ?»

«ቢበዛ ዐሥር።»

ስርጉት ውሃውን አየች። «እሱ ከቅዳሴ ወጥቶ የሚመለሰው ማታ ነበር። ቀሪውን ሰዓት ምን ያደርግ ነበር?»

ሳሊህ የሱሪውን ጫፍ ጨመቀ። «ምን ያደርጋል፣ እትዬ። ሞተሩ ውሃ መካከል ከጠፋ ነፋሱ እስኪያመጣው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሲመጣ ነዳጅ መሙላት፣ ደግሞ መጠበቅ።» ከዚያ ዋኝቶ ያምጣው እንደሆነ ጠየቃት።

«ተወው» አለች። «ይምጣ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሳሊህም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ነፋሱ ከማዶ ነው፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ጭራውን ለእነሱ ሰጥቷል። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። ፊቱን አንዴም ሳያዞር፣ በጀርባው፣ ወደ ስርጉት እየቀረበ ነበር።